ሮቃው ውስጥ የተገኘው ጠፍር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአያ አዛናው ያረጋል፤ ካለህበት ገዳሪፍ።

ከወንዝ ማዶ፣ ከበረሃ ማዶ ሆነህ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንደምን ነው? አምና ያንቀጠቀጠህ ወባ ተመልሶ አልመጣብህም ወይ? የምትተኛበት ቤት ክዳኑ ደኅና ነው? ከማን ጋር ትበላለህ? ዐቢይ ጾምን በሰው አገር እንዴት አድርገህ ያዝከው? ባቡር ጣቢያው ላይ የምትሸከመው ጆንያ ትከሻህን እንዳላጎበጠው አምላክን እለምናለሁ። እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት፣ ከአንተ ናፍቆትና በዚህ ወረቀት ከምነግርህ ነገር በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን። አባባ ደኅና ናቸው። እምዬም ደኅና ናት፤ እግሯ ብቻ አብጧል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። ትንሿ እህታችን አገኘሽ አራት ዓመት ሞላት። ስምህን ስንጠራ በጣቷ ወደ ፀሐይ መግቢያ ትጠቁማለች።

በነጋዴው በበሽር እጅ የላክኸው ስኳር፣ አቡጀዲና ሦስት መርፌ ደርሶናል። እጅህ ይባረክ። ስኳሩን እምዬ ለወሊዷ ብላ ከጣሪያው ሰቀለችው። መርፌዎቹን ለእኔ ሰጠችኝ። አንዷን ለስፌት ሳይሆን ለሌላ ሥራ ስላዋልኳት ጫፏ ደንዝዟል። አትቆጣኝ። ይህ ደብዳቤ የዚያች መርፌ ነገር ነው።

ታውቀኛለህ፤ ሰው ፊት አፌ ይታሰራል። በከሰል ቅል ላይ ፊደል ስታስቆጥረኝ እንኳ ‹ሀ› በይ ስትለኝ በጣቴ እያሳየሁ ነበር የምመልስልህ። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም። ስለዚህ ለአባባ መናገር ያቃተኝን ሁሉ ለአንተ እጽፋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ አንብበው።

እምዬ ነፍሰ ጡር ናት። በፍልሰታ ማለቂያ ግድም ትወልዳለች ይባላል። ያ ወንዛችን ሽንፋ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላበት ጊዜ መሆኑን አንተው ታውቃለህ። አራስ ደግሞ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ደጃፏን አትረግጥም፤ ወንድ ቢሆን አርባ፣ ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን። ቤታችንም ያለው አንተ በተውክበት ቦታ፣ ከደለሉ ላይ ነው። ይህን በልብህ ያዝልኝ።

ከቤታችን በታች፣ ውሃ ከምንቀዳበት አሸዋ ዳር የነበረውን ትልቁን የሮቃ ዛፍ አትረሳውም። ስትሄድ ጥላው ሥር ቆመህ ነው የሳምከኝ። ያ ሮቃ ተቆረጠ። ጣሊያን ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ድልድይ እሠራለሁ ብሎ በመጋቢት ወር መጋዝ ያላቸው ሰዎች አመጣና የወንዙን ዳር ትልልቅ ዛፍ ሁሉ በኖራ ምልክት አደረገበት። አባባንም ከነበሬዎቻቸው ግንድ እንዲጎትቱ አዘዛቸው። አባባ ሲያቅማሙ ጎረቤታችን አቶ ደምለው ‹የጠየቁህ ዛፍ ነው፤ ልጅህን አልጠየቁህ፤ ዝም ብለህ ጎትት› አሏቸው።

የመጋዝ ሠራተኞቹ አለቃ ኢሳ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከራሃድ ዳር የመጣ። እኛ ሽንፋ የምንለውን ወንዝ እነሱ ታች ራሃድ ይሉታል እንጂ ውሃው አንድ ነው። በወጣትነቱ አንድ እንግሊዝ የዱር ሹም ዘንድ ሲሠራ የዛፍን ዕድሜ መቁጠር ተምሯል። ለሠራተኞቹ ውሃ ይዤ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ ስለማላየው ‹ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ እግሬን ብቻ ነው የምታውቂው፤ እስቲ አንድ ቀን ፊቴን እዪው› እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሮቃው የወደቀው በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ምድር ስትነቃነቅ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ወፎቹ ቅርንጫፉ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ይዞሩ ነበር። ሊያርፉ ክንፋቸውን ያጥፉና እግራቸው የሚይዘው ሲያጣ እንደገና ይነሣሉ። እንደዚያ ሲያደርጉ እያየሁ ዛፉ ያለ፣ እኛ ብቻ የማናየው ይመስለኝ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ግንዱን መከፋፈል ጀመሩ። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለት ሰው ቢደራረብ ከሚደርስበት ቁመት፣ ግንዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ መጋዙን አስገቡ። እኔ ገንቦዬን አውርጄ ቆሜ ነበር። መጋዙ እየጠለቀ ሄደና በድንገት ጮኸ። የእንጨትን ድምፅ ለምጄዋለሁ፤ ይህ ሌላ ነበር፤ ቀጭን ነው፤ ሕፃን ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚያወጣው ዓይነት። ኢሳ እጁን አነሣ፤ ሁሉም ቆሙ። መጋዙን ቢያወጡት ሦስት ጥርሱ ረግፏል። በሌላ በኩል ዞረው ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ኢሳ የጮኸበትን ቦታ በመሮ ፈለፈለው። ከውጭ ምንም ጠባሳ በማይታይበት፣ በሙሉው እንጨት ውስጥ፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር ወጣ። እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው። ከግንዱ ጋር ዙሪያውን ሄዷል። በጠፍሩና በእንጨቱ መካከል የወንዝ አሸዋ ነበር። በአሸዋው ውስጥ ደግሞ መጋዙን ያስጮኸው ነገር፤ አንድ የመዳብ አምባር። የሕፃን አምባር ነው።

ከሠራተኞቹ ግማሹ አማተበ፤ ግማሹ ቢስሚላሂ አለ። አባባ ጠፍሩን በበትራቸው ነካ አድርገው የቀፎ ጠፍር ነው፣ ድሮ ቀፎ የሰቀለ ሰው ነው ያሰረው አሉ። ሁሉም እፎይ አሉ። ስለ አምባሩ የጠየቀ የለም። ኢሳ ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ ‹ቀፎ አሸዋ አይበላም› አለኝ።

በማግሥቱ ውሃ ሳወርድ ነገሩን አስረዳኝ። ዛፍ በየክረምቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ ሲጠግብ ቀለበቱ ይሰፋል፤ ሲራብ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ሲቆስል ቁስሉን ውጦ በላዩ ያድጋል፤ ቁስሉ ግን በዚያ ዓመት ቀለበት ላይ እንደተቀመጠ ይኖራል። ከጠፍሩ እስከ ቅርፊቱ ያለውን የቆጠረ ሰው፣ ጠፍሩ መቼ እንደታሰረ ያውቃል ማለት ነው። እሱ ዓይኑ ደክሟል፤ ቀጫጭኑን መለየት አይችልም። እኔ ‹መርፌ አለኝ› አልኩት። ከኢሳ ጋር የተነጋገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እሱም ‹አልሐምዱሊላህ፣ ምላስም አላት› አለ።

ቀትር ላይ ሠራተኞቹ በየጥላው ሲተኙ ወደ ግንዱ እወርድ ነበር። እምዬ በቀትር ወንዝ ዳር አትሂጂ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፍሻል እንደምትል ታውቃለህ። እውነትም በዚያ ሰዓት የማይሰማ ነገር ይሰማል። ወንዙ ደርቆ ከኩሬ በቀር ውሃ የለውም፤ እኔ ግን የተቆረጠው ግንድ ላይ ጎንበስ ስል ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ይወርድ ነበር። የእንጨቱን ፊት የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት፤ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከቅርፊቱ ጀምሬ እያንዳንዱን በመርፌህ እየወጋሁ ዓመቱን በወንጌላዊው ስም ጠራሁት። ወደ ኋላ ስለምሄድ የምጠራቸው ተገልብጠው ነው፤ ማርቆስ፣ ማቴዎስ፣ ዮሐንስ፣ ሉቃስ፤ ደግሞ ማርቆስ፣ ማቴዎስ፣ ዮሐንስ፣ ሉቃስ። እንዲህ ተብለው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ጸሎት ገልብጦ እንደ መድገም ሆነብኝና ሁለት ጊዜ ትቼው ሸሽቻለሁ። ሁለት ጊዜም ተመልሻለሁ።

ያየሁትን ልንገርህ። ከቅርፊቱ ሥር ያሉት አራቱ ቀለበቶች ቀጫጭን ናቸው፤ ይህ እኛ የምናውቀው ነው፤ ዝናብ ካነሰ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሰፋ ያሉት ይከተላሉ። አርባ ስድስተኛው ላይ ስደርስ እንደገና ቀጠኑ፤ እስከ አምሳኛው፣ አምስት ቀለበት፤ መርፌዋ ከአንዱ ወደ አንዱ የምታልፍበት ቦታ እንኳ አልነበራትም። ክፉ ቀን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልብ በል፤ እነዚህ አምስቱ ባበቁበት፣ አርባ አምስተኛው ቀለበት ላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በምሥራቁ በኩል፣ አሸዋ የቋጠረ ጥቁር ቁስል አለ። ግንድ ይዞ የወረደ ውሃ የመታው ነው። በዚያ ቁመት ላይ፣ አያ አዛናው። ሁለት ሰው ተደራርቦ በሚደርስበት።

ጠፍሩ የታሰረው መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ነው። ከእሱ በፊት አራት ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። ወደ ልቡ ደግሞ ሦስተኛ ቁስል አለ፤ የሮቃ ልብ ጥቁር ስለሆነ ቆጥሬ አልጨረስኩትም፤ ግን ከእሱም በፊት ያሉት ቀጫጭን ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ጥማት፤ ከጥማቱ በኋላ ውሃ።

ጠፍሩን ያሰረው ሰው ቀፎ አልሰቀለም። ውሃ ሲመጣበት ልጁን ይዞ ሮቃው ላይ ወጣ፤ ልጁ እንዳይወሰድበት ከግንዱ ጋር አሰረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛፉ አይናገርም። ጠፍሩ ግን አልተፈታም። የፈታው ሰው የለም።

አምባሩን ማንም አልወስድም ስላለ ኢሳ ለእኔ ሰጠኝ። በመቀነቴ ቋጥሬ ቤት ገባሁና መቀነቴን አውልቄ መደቡ ላይ አኖርኩት። ዞር ብዬ ስመለስ አገኘሽ ከመቀነቴ ፈትታ በእጇ አጥልቃዋለች። ልክ ነበር። ለእሷ ተብሎ የተሠራ ያህል ልክ ነበር። ላወልቅ ብሞክር እምቢ አለ፤ እሷም ‹የእኔ ነው› ብላ እጇን ደበቀች። እምዬ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። የእምዬ ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። በሰሊጥ ዘይት እያሸች አወለቀችው፤ የአገኘሽ አንጓ ለሁለት ቀን አረንጓዴ ቀለበት ይዞ ሰነበተ።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ተናገርኩ። አቶ ደምለውም ነበሩ። ዓይኔን ከገበታው ሳላነሣ፣ አባባ፣ ክረምት ሳይገባ ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ እንውጣ አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፄን ስለማያውቁት ነው መሰለኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባባ ጎርሰው ጨረሱና ‹ሮቃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባሕረ ሐሳብ የተማረው?› አሉ። እኔም ያንን ለማስረዳት ብዬ፣ ክፉ ቀን እንኳ በማቴዎስ ሲገባ በቀለበቱ ላይ ተጽፏል አልኩ።

ያጠፋኝ ይህ ቃል ነው። አቶ ደምለው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ውሃ ተናነቃቸው። ‹በማቴዎስ? ክፉ ቀን የገባው በዮሐንስ መሆኑን የወፍጮ ድንጋይም ያውቃል! እናቴ በዮሐንስ ተርባ፣ ያንቺ ሮቃ በማቴዎስ ተራበ? ሳይጠግብ አልቀረም!› አሉ። አባባም ሳቁ። ደግሞም ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም ብለው ነገሩን ዘጉት። አንገቴን ደፋሁ። እምዬ ብቻ አልሳቀችም።

በማግሥቱ ለኢሳ ቆጠራዬ ከንቱ ነው አልኩት። ከየትኛው ዓመት ጀመርሽ አለኝ። ከዘንድሮው፣ ከማርቆስ አልኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ‹ዘንድሮ ዘንቧል እንዴ?› አለኝ።

ወንድሜ፣ ስሕተቴን ታየዋለህ? የዘንድሮው ክረምት ገና አልመጣም። ዛፉ የተቆረጠው ከዝናብ በፊት ስለሆነ የዳሩ ቀለበት የአምናው፣ የማቴዎስ ነው። አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ። አስተካክዬ እንደገና ስቆጥር ቀጫጭኖቹ አምስቱ በዮሐንስ ጀምረው በዮሐንስ አለቁ፤ ልክ አቶ ደምለው እንዳሉት። ኢሳም የእነሱ አገር ሰው ሰነት ሲታ፣ ዓመተ ስድስት የሚለው ረሃብ ያ እንደሆነ ነገረኝ። ረሃቡ ባለፈ በማግሥቱ ክረምት ራሃድ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍና የጎጆ ክዳን ይዞ እንደወረደ እናቱ ታወራ ነበር አለኝ። ክዳኑ ከላይ፣ ከሐበሻ አገር መጣ ይባል ነበር። ማን እንደነበረበት ግን የሚያውቅ የለም።

ዛፉ አልዋሸም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ግን ተመልሼ ልናገር አልቻልኩም። ቆሜ አፌን ስከፍት አቶ ደምለው ‹ደግሞ ዛሬ በማን ተራበ?› ይሉኛል። አንድ ጊዜ ለመናገር የነበረኝን ድፍረት ሁሉ ያን ማታ ጨረስኩት።

ጠፍሩ የታሰረበት ዓመት ሲስተካከል ዘመነ ማርቆስ ሆነ። ዘንድሮም ማርቆስ ነው። ይህ ብቻውን ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። ብቻ መርፌዋን እዚያ ላይ ተክዬ ስሙን ከጠራሁ በኋላ እንደገና ከቅርፊቱ ጀምሬ ቆጠርኩ።

አባባ ወደ ጉብታው የማይወጡበትን ምክንያት ታውቀዋለህ። ጉብታው ላይ የሞቱ ሰዎች ጉልቻ አለ፤ ባለቤቱ በጠፋ ምድጃ አጠገብ ጎጆ የቀለሰ እሳቱ አይነድለትም ይባላል። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ጉብታው ሰው በላ ነው እየተባልን አድገናል። እኔ ግን ባለፈው ሰንበት ብቻዬን ወጣሁ። ጉልቻዎቹን አየኋቸው። ሦስት ሦስት ሆነው በሰባት ቦታ አሉ። ድንጋዮቹ ከወንዝ የመጡ ናቸው፤ ያን ሁሉ ዳገት ሰው ተሸክሟቸው ወጥቷል። ሥራቸውን ብምሰው አመዱ ከክንዴ በላይ ጠለቀ። አንድ ክረምት የተቀመጠ ሰው ያን ያህል አመድ አያወጣም። እዚያ ሰው አልሞተም፤ እዚያ ሰው ኖሯል። ጉብታው የበላቸው መስሎን የሸሸነው፣ ከውሃው የተረፉት የኖሩበትን ቦታ ነው። እኛ ደግሞ መጥተን እነሱ ከሸሹት ደለል ላይ ቤት ሠራን። ዘንድሮ ጅግራዎቹም እንቁላላቸውን የጣሉት ጉብታው ላይ ነው። በሣሩ ውስጥ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኝ ነበር፤ አንዷም አልተነሣችም።

አሁን የምለምንህን ልንገርህ። አባባ የአንተን ቃል እንደ ወንጌል ነው የሚሰሙት። ከአባባ ጋር አትከራከርልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከደጋ ወርደው እዚህ ሲደርሱ በሣሩ ውስጥ የፈረሱ ቤቶች ምሰሶ ቆሞ እንዳገኙ፣ ድርቡሽ ያፈረሰው እንደሆነ ሲያወሩልን ሰምተሃል። ምሰሶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ በኩል አዘንብለው ነበር ይላሉ። ወዴት ነበር ያዘነበሉት ብለህ ጠይቃቸው። እኔ አውቀዋለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ፤ መቶ ጊዜ በእጃቸው አሳይተውናል። ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው፤ ውሃው ወደሚሄድበት። ድርቡሽ ቢሆን ያቃጥላል እንጂ ምሰሶ አያጎነብስም። ደግሞ አንዱም አልተቃጠለም ነበር ይላሉ። ይህን ከአንተ ሲሰሙ ራሳቸው ያገኙታል። ሰው ነግሮት ሳይሆን ራሱ አግኝቶት የሚነሣ ሰው ናቸው፤ ታውቃቸዋለህ።

የአንተን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት በላክኸው ወረቀት ላይ የሌለ ቃል ጨምሬ ላነብላቸው አስቤ ነበር። አንድ ቀን አውጥቼ ዘረጋሁት፤ አባባ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አንተ ፊታቸው የተቀመጥክ ይመስል ጎንበስ ብለው ጠበቁኝ። ያለውን ብቻ አንብቤ አጠፍኩት። ለእምዬ ይህን ስነግራት ‹እንግዲያስ እውነተኛውን ወንድምሽ ይጻፍላቸው› አለችኝ። ይህ ደብዳቤ የእሷም ነው።

አምባሩን በአቡጀዲህ ቁራጭ ሰፍቼ ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሃለሁ። እምዬ ከቤቴ አውጪልኝ ብላኛለች፤ አገኘሽም በእንቅልፏ እጇን እየዘረጋች ትፈልገዋለች። አይተህ እመነኝ። ልጅ ላለው ሰው አትስጠው፤ ወንዝም አትጣለው።

በሽር ቅዳሜ ይነሣል። ሽንፋ መሻገሪያ ሳያሳጣ፣ በሰኔ ማለቂያ እመለሳለሁ ብሎኛል። መልስህን ለእሱ ስጠው። ያን ጊዜ ደርሶ አባባ ቢነሡ ሐምሌ ሥላሴ ሳይደርስ ጎጆ ይቆማል፤ እምዬ ጉብታው ላይ ትወልዳለች። እኔ ከአሁኑ ማሽላ በቅል በቅል እያደረግሁ ወደ ላይ እያወጣሁ ነው፤ እስካሁን ማንም አላየኝም።

መልስህ ካልደረሰ ግን፣ አያ አዛናው፣ ያለፈውን ወረቀትህን እዘረጋና የሌለውን አነባለሁ። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ። በሰማይ ስትጠየቅ እንዳትደነግጥ ምን እንዳልክ አሁን እነግርሃለሁ። እንዲህ ብለሃል፤ ‹አባባ፣ ምሰሶዎቹ ወዴት ነበር ያዘነበሉት? እምዬን ይዘው ይውጡ። ዱሮ ሰው ራሱን የሚያስርበት ሮቃ ነበር፤ አሁን እሱም ተቆርጧል።› ድምፄን አንተን አስመስዬ፣ ሳልንተባተብ ነው የማነበው። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እየወረድኩ እለማመደዋለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የአንተ ይሁን።

አባባ በብዙ ናፍቆት ሰላም ይሉሃል፤ በሬው ቀዮ ታሞ እንደተነሣ ንገሪው ብለውኛል። እምዬ ግንባርህን፣ ዓይንህን፣ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስምሃለች። አገኘሽ ‹ዛፉ ወደቀ በይው› ብላለች። አቶ ደምለው ስለ ገዳሪፍ ትንባሆ አደራ ይሉሃል። ሽማግሌው ኢሳ አያውቅህም፤ ቢሆንም የማደርሰው ሰላምታ አለኝ፤ ሳያይህ መርፌህን አመስግኗል። በእምዬ ሆድ ያለው ስሙ ያልወጣ እንግዳችንም ይህን ስጽፍ ይራገጣል ትላለች፤ የእሱንም ሰላምታ ጨምሬልሃለሁ። እኔ ከሁሉም አብልጬ፣ ሮቃው ከነበረበት ቦታ ቆሜ እስምሃለሁ።

እህትህ ጸዳለ ያረጋል

ሽንፋ ወንዝ ዳር፤ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፤ ዘመነ ማርቆስ፤ ቀለበቱ ገና ያልዞረ።